የእናቴን መጋረጃ የወሰደው ነፋስ

በእናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ሥር፣ አንድ ቀይ መጋረጃ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ወርቃማ አበባ አለበት። ጥጉ ላይ ደግሞ የዲሽ ሽቦ የቀደደው አለ፤ ተሰፍቷል፣ ግን በጥቁር ክር። እናቴ ያን ዕለት ቀይ ክር የምትፈልግበት ትዕግሥት አልነበራትም። ባለፈው ሳምንት ሌላ ነገር ስፈልግ እጄ ነካውና አንስቼ አሸተትኩት። ስንቴ ታጥቧል፣ ግን እኔን አቧራ አቧራ ሸተተኝ፤ ያ የአያት ሰፈር አቧራ፣ ባቡሩ ገና መንገዱ እየተቆፈረለት ሳለ ዳቦ ስንበላ ጥርሳችን መሃል ቀጭ ቀጭ ይል የነበረው።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ኮንዶሚኒየም ወጥቶልን፣ ከአትላስ ጀርባ ከነበረችው አንድ ክፍል ኪራይ ቤታችን አያት አራተኛ ፎቅ ላይ የወጣነው በዚያ ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ ኮንዶሚኒየም የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ውሃ የለም፣ መብራት ደስ ሲለው ነው፣ ነፋስ ግን ሌት ተቀን አይቋረጥም። የሲሚንቶ ከረጢት ይበራል፣ ካልሲ ይበራል፣ የሰጣችሁት አንሶላ ሦስት ብሎክ አልፎ ሰው ደጅ ይገኛል። የብሎካችን ዘበኛ ጋሽ ቶላ ድሮ እዚያው መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ስናማርር ይስቁብን ነበር። «እሱ ድሮም በዚህ ነው የሚያልፈው። እናንተ ናችሁ መጥታችሁ መሃል መንገዱ ላይ የቆማችሁት» ይሉናል። እናቴ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቃል ነበራት፦ «ዝጉት! መስኮቱን ዝጉት!»

ሌላው ጉድ ሕንፃዎቹ ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት! ቀለሙ አንድ፣ ደረጃው አንድ፣ በሩ አንድ። ቁጥራቸው ገና በደንብ አልተጻፈም ነበር፤ የተጻፈበትም አንድ ጎኑ ላይ ብቻ ነው። ሰው የራሱን ቤት መስሎት የሰው በር በቁልፉ ሲታገል ማየት ብርቅ አልነበረም። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ አድራሻ የሚነገረው በመጋረጃ ነበር። «አረንጓዴ መጋረጃ፣ ሁለተኛ ፎቅ።» «ዳንቴል ያለበት፣ ከሱቁ በላይ።» የእኛ ደግሞ ቀይ ሆኖ ወርቃማ አበባ ያለው፣ አራተኛ ፎቅ። እናቴ ያን መጋረጃ የገዛችው ሶፋ ሳንገዛ ነው። መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተን ተቀምጠን መጋረጃችንን እናደንቅ ነበር፤ ምን ይደረግ!

ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ገና ግድግዳው አላለቀም፤ የምንማረው ሜዳ ላይ ነው። መምህር ዘሪሁን፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው፣ ነፋሱ ድምፁን እየወሰደበት ሲቸገር ጊዜ ስለ ነፋስ ሊያስተምረን ወሰነ። ፈጣሪ ነፋሳትን መዝገብ ቤት ውስጥ እንዳስቀመጣቸው፣ ሲፈልግ እንደሚያወጣቸው፣ ሲበቃ እንደሚመልሳቸው ነገረን። ባሕሩን ለእስራኤል ሌሊቱን ሙሉ የከፈለው የምሥራቅ ነፋስ ነው። በምድረ በዳ ሥጋ አማረን ብለው ሲያለቅሱ ድርጭቱን እያዳፋ ያመጣላቸው ነፋስ ነው። እኔ ይሄን ስሰማ ያ መዝገብ ቤት ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ መርካቶ እንዳለ መጋዘን፣ ነፋሱ በማዳበሪያ ተቋጥሮ የተደረደረበት፣ ወገቡ ላይ ቁልፍ ያንጠለጠለ መልአክ በሩ ላይ ተቀምጦ። መጋዘኑ ደግሞ የት ይሆናል? ከአያት ጀርባ ካለው ኮረብታ ኋላ ነዋ! የምሥራቅ ነፋስ አይደል እንዴ!

የነነዌ ጾም ሊገባ ሲል የዮናስን ታሪክ በድራማ እንድንሠራ ተወሰነ። ዮናስን ልሆን ሞቼ ነበር። ግን ለናትናኤል ተሰጠ፤ ለምን ቢባል ድምፁ ትልቅ ነው። እኔን ነፋስ አደረጉኝ። ከመርከቡ ኋላ ቆሜ ቆርቆሮ እያንቀጫቀጨሁ «ፉ» ማለት ብቻ! አኮረፍኩ፣ አለቀስኩ። መምህር ዘሪሁን ቁጢጥ ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «አንቺ ሞኝ! ዮናስ እኮ ሂድ ሲባል የሸሸ ሰው ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳያጉረመርም የታዘዘውን የሠራ ነፋሱ ነው። እሱ በገዛ ፈቃዱ አይነፍስም፣ ይላካል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ዮናስን ናቅኩት።

እዚህ ላይ የአክስቴን የፅጌን ነገር ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ፅጌ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ደረጀ የሚባል ፎርማን ትወድ ነበር፤ መውደድ ብቻ? ስሙ ሲጠራ ሻይ ታፈሳለች! አያቴ ስለሞተ እሺ የሚለው ታላቅ ወንድማቸው አጎቴ ማሞ ነው። አጎቴ ማሞ ደግሞ ደረጀን አልወደደውም። «ሕንፃው ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል» ይላል፤ ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ ያለቀ ይመስል! ይባስ ብሎ ደረጀ የላካቸው ሽማግሌዎች በመጀመሪያው ቀጠሮ መንገድ ተቆፍሮባቸው ቀሩ፤ አጎቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሲጠብቅ ዋለ። ለሁለተኛው ቀጠሮ እንዲህ አለ፦ «እሑድ ዘጠኝ ሰዓት። ዘጠኝ ሲል ከሌሉ ባርኔጣዬን አንስቼ እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ የዚህን ልጅ ስም በፊቴ እንዳትጠሩ።» አጎቴ ማሞን የሚያውቅ ሁሉ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። አክስቴ ያን ሳምንት እህል አልወረደላትም።

ያችው እሑድ የድራማው ቀን ሆነች። መርከቡ ሁለት አግዳሚ ወንበር ተገጣጥሞ፣ አጠና ቆሞበት፣ በብሎኮቹ መሃል ባለው ሜዳ ላይ ተሠራ። ሸራ ግን የለውም። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሮማን «የኔን አረንጓዴ መጋረጃ ውሰዱ» አሉ። እናቴ ይሄን ስትሰማ ዝም ትበል? ቤት ወጥታ ቀዩን አውልቃው መጣች። «መርከብ ሲባል እንዲህ ነው እንጂ! ግን ስምንት ተኩል ላይ ትመልሱልኛላችሁ፤ እንግዳ አለብኝ» አለች። ሽማግሌዎቹ ቤታችንን የሚያውቁት በዚያው መጋረጃ መሆኑ ለማናችንም ትዝ አላለንም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የደረጀ አጎት ጋሽ ተሾመ፣ አስቀድመው ቤቱን ለማየት አንድ ጊዜ መጥተው ነበር፤ «ቀይ ሆኖ ወርቃማ አበባ ያለው፣ አራተኛ ፎቅ፣ አልስተውም» ብለው ነበር የሄዱት።

ድራማው ሰባት ሰዓት ላይ ሊጀመር ነበር። ግን ንግግር አለ፣ ከንግግሩ በኋላ ሌላ ንግግር አለ፤ ስንጀምር የእናቴ ስምንት ተኩል አልፎ፣ ዘጠኝ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔ ነጭ አንሶላ አንገቴ ላይ ታስሮልኝ ቆርቆሮዬን ይዣለሁ። መምህር ዘሪሁን በድምፅ ማጉያው «ያን ጊዜ ጌታ ነፋሱን ጠራው!» አለ። አፌን ከፈትኩ። «ፉ» ሳልል ግን ከኮረብታው በኩል አንድ ድምፅ መጣ። መጣ ብቻ! አቧራው እንደ ግድግዳ ቆሞ ሲመጣ አየሁት። ሕዝቡ የድራማው አካል መስሎት አጨበጨበ። ናትናኤል ማንም ሳይወረውረው ራሱ ከመርከቡ ዘሎ እናቱ ጉያ ገባ። መጋረጃው ተነፋ፣ ገመዱን በጠሰና ተነሣ። አራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ የእናቴ ድምፅ ተሰማ፦ «ወይኔ መጋረጃዬ!» መጋረጃው ሽቅብ ወጥቶ አንድ ሕንፃ ተሻገረና ማዶ ብሎክ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ያለ ዲሽ ያዘው። መምህር ዘሪሁን ወደ እኔ ዞሮ «ነፋሷ! ሩጪ!» ብሎ ጮኸ። ሮጥኩ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሳላንኳኳ፣ አንሶላዬን እያንዘላዘልኩ፣ ቅንድቤ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ገባሁ። ሳሎኑ መሃል ሦስት ሽማግሌዎች ኩታ ለብሰው ቆመዋል። ፊት ያሉት ጋሽ ተሾመ ናቸው! ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰዎቹ የእኛ መስኮት ባዶ ሆኖባቸው ሲዞሩ አራተኛ ፎቅ ላይ ቀይ መጋረጃ ያዩት በጡረተኛው በመቶ አለቃ ታደሰ ቤት ላይ ብቻ ነበር። ገብተው፣ እንደ ወጉ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» ማለት ጀምረዋል። የልጅቷን ስም ገና አልጠሩም። መቶ አለቃም ሕይወት የምትባል ልጅ አለቻቸው፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፤ ቆመው የሚለምኑ ሽማግሌዎችን እንዴት አድርገው ያቋርጧቸው? ልጁ ኮንስትራክሽን ላይ ነው ሲባሉ እንዲያውም ፊታቸው በርቷል። ጋሽ ተሾመ አበባው የታለ ብለው ትንሽ ተጠራጥረው ነበር አሉ፤ ወዲያው በረንዳው ላይ ወርቃማ አበባ ያለው ቀይ መጋረጃ ዱብ ሲል «ይኸው፣ ልክ ነን!» ብለው ልባቸው ረጋ።

«ጋሽ ተሾመ! እዚህ ምን ይሠራሉ? የእኛ ቤት እኮ ማዶ ነው! ፅጌ እየጠበቀቻችሁ ነው!» አልኩ።

ጋሽ ተሾመ አንዴ እኔን፣ አንዴ በረንዳውን፣ አንዴ መቶ አለቃን አዩ። «ታዲያ ይቺ ማን ናት?» አሉ ወደ ሕይወት እያመለከቱ። ሕይወት እየሮጠች መጥታ ከነአቧራዬ አቀፈችኝ። «አባዬ ይሙት ደረጀ የሚባል ሰው አላውቅም ስላቸው የሚያምነኝ አጥቼ!» መቶ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንኳ እሺ ልላችሁ ምንም አልቀረኝም ነበር» አሉ፣ ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል።

መጋረጃውን ከዲሹ ላይ ስቦ መቅደድ አንድ ደቂቃም አልፈጀም። ስልክ እንዳትሉኝ፤ ሽማግሌ ተልኮ ስልክ ቢጮህ ነውር ነው ብለው ሁሉም አጥፍተው ነበር የመጡት። ሽማግሌዎቹን አስከትዬ ደረጃውን በሩጫ ወረድን። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አጎቴ ማሞ ሄዷል።

እውነትም ተነሥቶ ነበር። እናቴ እንደነገረችኝ፣ ልክ ዘጠኝ ሲሆን ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ፅጌ አላለቀሰችም፤ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እናቴ ያን ስትናገር ዛሬም ድምፅዋ ይሰበራል። አጎቴ ግን ከብሎኩ በር ብቅ ከማለቱ ነፋሱ ባርኔጣውን አነሣበት። አጎቴ ማሞ ያለ ባርኔጣ! ያለ ሱሪ ብትሉኝ ይሻላል። ራሰ በራ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያወቀው የዚያን ዕለት ነው። ሜዳውን ሁለቴ ዞረ፤ ሊይዘው ሲል ይነሣል፣ ሲተወው ይቀመጣል። በመጨረሻ ከመርከባችን ሥር ገባለት።

እኛ ስንደርስ አጎቴ ተንበርክኮ እጁን አግዳሚው ሥር ሰዶ ነበር። ጋሽ ተሾመ ደነገጡ። ተንበርክኮ መለመን የሚገባው የወንዱ ሽማግሌ እንጂ የሴቷ ወንድም አይደለማ! «ኧረ በስመአብ! ኧረ ይነሡ! እኛ ነን እንጂ!» ብለው ሦስቱም ከፊቱ ዱብ ዱብ አሉ። አጎቴ ከነአቧራው ቀና ብሎ አያቸው። እኔ እያለከለክሁ ሁሉንም ዘረገፍኩ፤ መርከቡን፣ መጋረጃውን፣ መቶ አለቃን። መምህር ዘሪሁን በጎን ቆሞ አፉን በመጽሐፉ ሸፍኖ ይስቃል።

አጎቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አራገፈ። ኮረብታውን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ ከሆዱ የመጣ ሳቅ ሳቀ፤ አጎቴ ሲስቅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። «እኔ እኮ ልሄድ ነበር። ይሄ ነፋስ የሚባል ሰውዬ ባርኔጣዬን ይዞ አላስሄድ አለኝ» አለ። «በሉ ግቡ፤ ሌላ ነገር ሳይወስድብኝ ግቡ!»

ፅጌ ድምፃችንን ሰምታ በባዶ እግሯ እስከ ደረጃው መጥታ ነበር። ማንም ምንም ሳይነግራት አጎቴን እያየች አለቀሰች። እሱም «ጫማሽን አድርጊ እንጂ፣ ሰው ፊት?» አላት፤ እሺ ያለው በዚህ ነው። እኔ መምህር ዘሪሁንን ጠጋ ብዬ፣ ያ መልአክ መጋዘኑን የከፈተው ለመጋረጃው ነው ወይስ ለባርኔጣው ብዬ ጠየቅሁት። «አንዴ ከከፈተማ ለሁሉም ነው» አለኝ።

ዛሬ የምሠራው አትላስ አካባቢ፣ መስኮቱ የማይከፈት ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ነፋሱ በሪሞት ይመጣል፣ በሪሞት ይሄዳል። አያትም ዛፉ አድጓል፣ ሕንፃው በዝቷል፣ ነፋሱ የድሮው አይደለም። አጎቴ ማሞ ካረፈ ቆየ። ባርኔጣው እናቴ ሳሎን፣ መስኮቱ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

እሑድ ለእኔም ሽማግሌ ይመጣል። እጮኛዬ ሎኬሽን ልኮላቸዋል፤ ማንም የሰው ቤት ገብቶ የሰው ልጅ አይለምንም። ቢዘገዩም የሚቆጣ የለም፤ «መንገድ ተዘጋግቶ ነው» ብለው ይደውላሉ፣ እኛም አይዟችሁ እንላለን። በአጎቴ ቦታ ተቀምጦ የሚቀበላቸው ማን መሰላችሁ? ደረጀ! «ዘጠኝ ካለፈ ባርኔጣውን አንስቼ እሄዳለሁ» እያለ ፅጌን ያስቃታል። እኔ ግን የሚቆጣልኝ ሰው ናፈቀኝ፤ የእኔን ነገር ከልቡ ይዞ ባርኔጣውን የሚያነሣልኝ።

ቀዩን መጋረጃ አውጥቼ ሰቀልኩት። መስኮቱንም ገርበብ አደረግሁት። እናቴ ከጓዳ «ዝጊው! አቧራ ይገባል!» እያለች፣ እጇን እየጠራረገች መጣች። መጋረጃው ቀስ ብሎ ተነፋ፤ ሚስማሩ ላይ ያለው ባርኔጣም ትንሽ ተወዛወዘ። እናቴ ቆማ አየችው። ልትዘጋው እጇን ዘርግታ ነበር፤ መልሳ የባርኔጣውን አቧራ ጠረገችና መስኮቱን እንደተከፈተ ትታው ሄደች።