ባለ ካፖርቱ ግለ ሂስ ያደረገበት ቀን

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር በሕይወቱ አንድ መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ አይመስለኝም። ስለ መጽሐፍ በማውራት ግን ከ18 ማዞሪያ እስከ አስኮ የሚያህለው አልነበረም። ድንቄም አንባቢ።

ታላቅ እህቴ ሥዕል ትችላለች። የቀበሌው የኪነት ኃላፊ ለግድግዳ ጋዜጣው ተከታታይ የሥዕል ታሪክ ሳዪልን አላት። እሷም ሥዕል ትምህርት ቤት ለመግባት የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋት ስለነበር እሺ አለች። በየሳምንቱ አንድ ገጽ ትስላለች፤ ከቀበሌው ሱቅ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

የፈጠረችው ሰው ጀግና የሚባል አይደለም። ካፖርት የለበሰ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ለማንም የማይመለስ ቀጣፊ ነው። በየሳምንቱ ከድሮ የልብ ወለድ መጻሕፍት ከወጣ አንድ ባለታሪክ ጋር ይጋጠማል። በፍቅር ተቃጥሎ የሚዝለፈለፈውን የመኳንንት ልጅ «ለመሆኑ ምሳ በልተሃል?» ይለዋል። ንጉሥ የሚመክሩትን ባሕታዊ «አባ፣ ለእኛስ ከቤተ መንግሥት ምን ይዘውልን መጡ?» ብሎ አፍ አፋቸውን ይላቸዋል።

ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ደስ አለው። «የፊውዳሉን ሥነ ጽሑፍ እየደመሰስነው ነው» እያለ በየስብሰባው ደረቱን ነፋ። እያደር ግን የስኳር ወረፋ የሚጠብቀው ሰው የባለ ካፖርቱን አነጋገር ለመደው። አንድ ቀን ሊቀ መንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ሲለፈልፍባቸው ከወረፋው መሐል አንዱ «ለመሆኑ ምሳ በልተሃል?» አለው። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። በቃ፣ ነገር መጣ።

ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለ ካፖርቱ ግለ ሂስ ያድርግ። ወረቀት ላይ የተሳለ ሰው ተነሥቶ ጥፋቱን ይናዘዝ ማለት ነው። ያን ሁሉ ጎልማሳ አንድ በአንድ አየሁት፤ የሳቀ የለም። እጃቸውን እያወጡ በሥርዓተ አልበኝነት፣ በንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ከሰሱት። እህቴ የኪነት ኃላፊውን አየችው፤ እሱ ጫማውን ያያል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

«እንግዲያው ጓድ ሠዓሊዋ በእሱ ስም ትናገር» አለ ሊቀ መንበሩ።

እህቴ ተነሥታ «እኔ ባለ ካፖርቱ ሰፊውን ሕዝብ በድያለሁ» አለች። አጨበጨቡላት። ያጨበጨበውን ሰው ሁሉ የናቅሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ውሳኔው ተነበበ፦ በመጨረሻው ገጽ ላይ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ካፖርቱን አውልቆ፣ አካፋ ይዞ ይታይ። ያለዚያ የድጋፍ ደብዳቤ የለም።

ሳለችው። ደብዳቤውንም ሰጧት።

ገጹ በተለጠፈ ማግስት ከእህቴ ጋር ወረፋ ይዘን ነበር። ጎረቤታችን እትዬም መጡ። እትዬ ማንበብ አይችሉም፤ በየሳምንቱ እህቴ ናት የምታነብላቸው። ልጃቸውን ከቤት ከወሰዱባቸው ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ባለ ካፖርቱ ፊት ብቻ ነው። ሰሌዳው ጋ ቀረብ ብለው የተላጨውን ሰውዬ ትክ ብለው አዩት።

«ይኼ ደግሞ ማነው?» አሉ።

«እሱ ነው እትዬ፣ ባለ ካፖርቱ።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሱንም ወሰዱት?»

እህቴ ደብዳቤው ኪሷ ውስጥ እንዳለ «አዎ እትዬ፣ ወሰዱት» አለችና እዚያው ወረፋው ላይ አለቀሰች።