በእኩል የተያዘ ምግብ ቤት

ወይዘሮ አመተ ማርያም ሰቆጣ ገበያ ዳር ፍትፍት ይሸጡ ነበር። ደንበኞቻቸው የጨው ነጋዴዎች ነበሩ፤ አህያውን እንደጫነ የሚበላ፣ ጥቂት ከዘገዩበት ማዶ ወዳለው ሌላ ምግብ ቤት የሚሻገር ሰው።

በ1952 ዓ.ም. ብቻ ሦስት ሠራተኞች ጥለዋቸው ሄዱ። አንዷ አገባች፣ አንዷ መነኮሰች፣ ሦስተኛዋ ማዶው ቤት ተቀጠረች። ክፍያቸው እንደ አገሩ ልማድ የዕለት ጉርስና ለፋሲካ አንድ ቀሚስ ነበር። ወይዘሮዋ ግን "ዘንድሮ ሰው ጠፋ" ይሉ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት እናትነሽ የምትባል፣ ከባሏ የተፋታች ሴት ከደሃና ወረዳ መጣች።

"ሥራ ትችያለሽ?" አሏት።

"እችላለሁ። ስንት ይከፍላሉ፣ እመይቴ?"

"ትበያለሽ፤ ቀሚስም አለ።"

"ቀሚስስ አለኝ። በወር አራት ብር ይስጡኝ። ደግሞ እንግዳ ሳይገባ ልብላ፤ የራበው አሳላፊ የሰው እጅ ያያል።"

አመተ ማርያም እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። ለአንድ የገበያ ቀን ሊያዩዋት ተስማሙ፤ የሚያባርሩበትንም ቃል አሰናድተው ጠበቁ።

በገበያው ቀን እናትነሽ ተረጋግታ በላች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ ለሠላሳ ነጋዴ አቀረበች። ማን ቀድሞ እንደመጣ፣ ማን በርበሬ እንደማይወድ አልተምታታባትም። አንዱ "ቶሎ በይ!" ብሎ ቢጮህባት፣ "አህያህም ገና እየበላች ነው" አለችው። ዞሮ አየ፤ እውነት ነበር፤ ተቀመጠ። የተሰናዳው ቃል ሳይነገር ቀረ፤ እናትነሽም በአራት ብሯ ተቀጠረች።

ሁለት ዓመት እንደሠራች የማዶው ቤት ባለቤት በወር ስምንት ብር ልክፈልሽ አላት። ለአመተ ማርያም ነገረቻቸው።

"ልትሄጂ ነው?"

"ይወቁት ብዬ ነው።"

ቀኑን ሙሉ አኩርፈው ዋሉ። በማግስቱ ጠሯት።

"መሬት የሌለው ገበሬ የሰው መሬት በእኩል ያርሳል። አንቺም አምደወርቅ ከተማ ሂጂና በእኔ ስም ምግብ ቤት ክፈቺ። ዕቃውንና በርበሬውን እኔ እችላለሁ፤ ከትርፉ ሲሶው ያንቺ ይሁን።"

"ገበሬው በእኩል ነው ያሉት፣ እመይቴ።"

"ምሳሌ ነው እንጂ!"

"ጥሩ ምሳሌ ነው።"

በእኩል ሄደች። አምደወርቅ ላይ ሁለት ሴቶች በወር በአምስት አምስት ብር ቀጠረች። አመተ ማርያም ይህን ሲሰሙ በቅሎ አስጭነው ሊቆጡ ገሠገሡ። ሲደርሱ ቤቱ ጢም ብሎ መቀመጫ አጡ። ደጅ ድንጋይ ላይ ተራ ሲጠብቁ፣ ማንነታቸውን የማታውቅ አሳላፊ ፍትፍት አመጣችላቸው። በልተው ጨረሱ።

"ጨው ትንሽ በዝቶበታል" አሏት እናትነሽን፤ ወደ በቅሏቸውም ሄዱ።

ሰቆጣ ሲመለሱ የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ አምስት ብር አደረጉ። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም።