ከሲኒው እስከ ጭብጨባው

ባለፈው እሑድ የመጨረሻዋ ልጄ ሃያት ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ኮምቦልቻ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀኑ አይመሽም፤ እኔ ምስር እለቅማለሁ፣ እሷ ስልኳን ትነካካለች። "እማ፣ ያገኘሁልሽን ገምቺ" አለችኝ። እንዲህ ስትል ብዙውን ጊዜ የምታሳየኝ ሰው የሚኮርጅ ድመት ስለሆነ ዓይኔን ከሰፌዱ አላነሣሁም። ከዚያ ሙዚቃውን ሰማሁ። ቫዮሊኑ ብቻውን ጀምሮ ሌሎቹ ቀስ እያሉ ሲከተሉት እጄ ምስሩ ላይ ቀረ።

ባሌት እንደምወድ ልጆቼ ሁሉ ያውቃሉ፤ ይስቁብኛልም። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ሂጃቧን ያጠለቀች የወሎ ሴት፣ በእግር ጣቷ ጫፍ የምትቆም ደናሽ ባየች ቁጥር ወጧ ያርርባታል። በተለይ አንድ ትርኢት ነበረ፤ በወጣትነቴ አሥመራ በቴሌቪዥን ያየሁት። ለልጆቼ ስነግራቸው አንድም ቃል ሳልቀይር ነው። ሰማያዊ የለበሰችው ደናሽ እየደነሰች የግራ ጫማዋ ሪባን ተፈታ። ያኔውኑ አጠገቤ የተቀመጠችው የሲኞራ ፒና ሲኒ ወደቀ። ያኔውኑ እኔ ሰው ልጠራ ሮጥኩ፤ በሩን ስከፍት ያጨበጭቡ ነበር። ሃያት ሪባኗ የተፈታባትን ደናሽ ስንት ቀን ስትፈልግ ከርማ፣ ይኸው አገኘቻት።

የኤርትራ ነጻነት ከገባ ሁለተኛው ክረምት ነበር። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ከወሎ ወደ አሥመራ የሄደው እኔ ሳልወለድ ሲሆን፣ መደበር መግቢያው አጠገብ ሻሂ ቤት ነበረው። መደበርን ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደምነግር አላውቅም። የወደቀ በርሜል ምድጃ፣ የተጣለ ጎማ ጫማ የሚሆንበት ገበያ ነው። ቀኑን ሙሉ የብረት ቅጥቀጣ አለ፤ ከወፍጮዎቹ የሚወጣው የበርበሬ ብናኝ ደግሞ ሰውን ሁሉ ያስነጥሰዋል። የአባቴ ደንበኞች የሻሂያቸውን ብርጭቆ በእጃቸው ከድነው ነበር የሚጠጡት።

ባሌትን ያወቅሁት እዚያ ነው። በደርግ ጊዜ አባቴ ለደንበኞቹ ብሎ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ገዝቶ ነበር፤ ከዜናው በፊት አንዳንድ ቀን የሶቪየት ባሌት ይታይበታል። ቀጥቃጮቹ "እነዚህ ሰዎች አጥንት የላቸውም እንዴ?" እያሉ ይሳሳቃሉ። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ብርጭቆ ማጠቤን ትቼ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ለምን እንደወደድኩት ዛሬም ቢሆን በደንብ መናገር አልችልም። ምናልባት ያን ያህል እየደከሙ ምንም ድካም ፊታቸው ላይ ስለማይታይ ይሆናል።

ነጻነት ሲገባ ከተማው በደስታ አበደ፤ እኛም አብረን ወጣን። የጎረቤቶቻችን ልጆች ከበረሃ ሲመለሱ እናቴ እልል ብላለች፤ ከልቧ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን የእኛ ሰዎች በጭነት መኪና እየተሳፈሩ ወደ ደቡብ ይሄዱ ጀመር። መጀመሪያ የወታደሮቹ ቤተሰቦች ሄዱ። ቀጥሎ የማን ተራ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሰላምታ የሰጠሽው ሰው በሳምንቱ ቤቱ ተዘግቶ ታገኚዋለሽ። አባቴ የመኖሪያ ወረቀት ለማግኘት ማመልከቻ አስገብቶ በየሳምንቱ ይመላለስ ነበር። የሚሰጡት መልስ ሁልጊዜ "ጠብቅ" ነው።

ማታ ማታ ጎዳይፍ በነበረችው ቤታችን ሰብስቦ ያስጠነቅቀናል። "ዓይን ውስጥ አትግቡ" ይላል። "መንገድ ላይ ጠብ ካያችሁ ዙሩ። ሰው ከተሰበሰበበት አትቁሙ። ለምስክርም ቢሆን ስማችሁ አይጠራ። ወረቀቷ እስክትወጣ ብቻ፣ ያ ረቢ።" አባቴ ፈሪ ሰው አልነበረም፤ ለዚህም ነው የእሱ መፍራት እኔን አጥንቴ ድረስ የገባው። ትግርኛ አቀላጥፌ ብናገርም አንደበቴ ያጋልጠኛል ብዬ አውቶቡስ ላይ አፌን አልከፍትም ነበር። ፌርማታዬ ሲያልፈኝ እንኳ ዝም ብዬ ቀጥሎ ካለው በእግሬ እመለሳለሁ።

እፎይ የምልበት ቦታ የሲኞራ ፒና ቤት ነበር። ሲኞራ አሥመራ ተወልዳ አሥመራ ያረጀች ጣልያን ናት፤ ባሏ ሞቷል፣ ዘመዶቿ አገራቸው ገብተዋል። በወጣትነቷ ለቲያትር የዳንስ ልብስ ትሰፋ ነበር። እኔ ስፌት ልማር ሄጄ፣ ባሌት እንደምወድ ስታውቅ ልጇ አደረገችኝ። የወንድሟ ልጅ ከጣልያን የሳተላይት ሳህን ቢልክላት በመንገድ ተጨማዶ ደረሰ፤ አባቴ የሚያውቀው የመደበር ቀጥቃጭ ሁለት ቀን በመዶሻ እያባበለ አቃናው። ከዚያ ወዲህ ባሌቱን አብረን እናይ ጀመር። እኔ እግራቸውን አያለሁ፤ እሷ ስፌቱን ታያለች። ደናሿ አየር ላይ ተንሳፍፋ እያለች ሲኞራ "የወገቧ ቅምቅማት ተጣሟል" ትላለች። በትግርኛና በጣልያንኛ፣ አንዳንዴም የእኔን ልብ ለማግኘት ብላ በተሰባበረ አማርኛ ነበር የምናወራው።

ፎቁ ላይ ከደጇ ፊት ለፊት አደይ ምሕረት ይኖሩ ነበር። ሁለት ልጆቻቸው በረሃ ወርደው የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው። ደረጃው ላይ ስንገናኝ እኔ ዓይኔን እጥላለሁ፣ እሳቸው ዝም ብለው ያልፋሉ። ስለሚጠሉኝ ይመስለኝ ነበር።

ያን እሑድ ትልቅ የክብር ትርኢት ከጣልያን በቀን እንደሚታይ ሲኞራ ከነገረችኝ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቼ ከርሜአለሁ። ከጎዳይፍ በእግሬ ሄድኩ። የበለስ ወቅት ነው፤ ሴቶቹ መንገድ ዳር ባልዲያቸውን አስቀምጠው እየላጡ ይሸጣሉ። ለሲኞራ ስድስት ገዛሁላት። ደመናው ከወዲያ ጠቁሮ ስለነበር ዝናቡ ሥዕሉን ያበላሸው ይሆን ብዬ የያዘኝ ፍርሃት ትዝ ይለኛል። ያን ቀን ፍርሃቴ በዚያ ጀመረ።

ሲኞራ የክት ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀችኝ። በለሱን በሳህን አቀረበችው፣ ሻሂ ቀዳችልኝ፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ትርኢቱ እየተቀያየረ፣ አንዱ ደናሽ ሲወጣ ሌላው እየገባ ሄደ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ባልኮኑን ይደበድበዋል፤ ሥዕሉ ግን እምቢ አላለም። ከዚያ ቫዮሊኑ ብቻውን ጀመረ፤ ሰማያዊ የለበሰችው ሴት ወጣች።

ሪባኗ ሲፈታ እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየሁት። "ሲኞራ፣ ሪባኗ!" አልኳት። መልስ የለም። ከዚያ ሲኒው ወለሉ ላይ ተንኮታኮተ።

ዞር ስል የሲኞራ አፍ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። ቀኝ እጇ ከወንበሩ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ዓይኗ ግን ክፍት ነበር፤ እኔን ያየኝ ነበር። ስሟን ጠራሁት፤ እንደ ማጉረምረም ያለ ድምፅ ብቻ አወጣች።

ጩኺ ጩኺ አለኝ። ግን ብጮህ ሰው ይመጣል። ማን ናት ይላል። ብቻዋን ከአሮጊቷ ጋር ምን ትሠራ ነበር ይላል። ስሜ ይጻፋል፤ የአባቴ ስም ይጠራል፤ ወረቀቷ ያን ቀን ትቀደዳለች። ጭነት መኪናው፣ የእናቴ ፊት፣ የተዘጋ ሻሂ ቤት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። እና ምን አደረግሁ? ተንበርክኬ የሲኒውን ስብርባሪ ለቀምኩ። ጠብ የነበረ እንዳይመስል። ከወንበሩ ሥር የገባችውን ትንሿን ሳትቀር በጣቴ ፈልጌ አወጣኋት። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔንም ከሲኞራ ዓይን ማሸሽ ስለነበረብኝ ቴሌቪዥኑ ላይ ጣልኩት።

ሪባኑ ከደናሿ ኋላ ይጎተት ነበር። በዞረች ቁጥር ከእግሯ ሥር ይገባል። እንዳትረግጠው፣ ያ ረቢ፣ እንዳትረግጠው እያልኩ ለመንኩ። አጠገቤ ሰው እየሞተ ነው፤ እኔ ዱዓ የማደርገው ለማላውቃት ሴት ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አልረገጠችውም። ሙዚቃው ቆመ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም የነቃሁት ያን ጊዜ ነው። በሩን ከፍቼ ደረጃው ላይ "የሰው ያለህ!" ብዬ ጮህኩ። ትግርኛው ጨርሶ ጠፍቶኝ፣ በአማርኛ።

የአደይ ምሕረት በር ጩኸቴን ሳልጨርስ ተከፈተ። "ዋይ ኣነ! እንታይ ኾነት?" ምን ሆነች እያሉ በባዶ እግራቸው ገቡ። ከታች ካለው ቡና ቤት ሁለት ወንዶች ጠርተው ሲኞራን ከነወንበሯ አወረዷት። በረዶው እየወረደብን በአንድ ሰው መኪና ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ "መዓስ ጀሚርዋ?" ብሎ መቼ እንደጀመራት ጠየቀኝ።

"ሕጂ" አልኩት። አሁን። "ወዲያው ነው የጮህኩት።"

ኮሪደሩ ላይ አደይ ምሕረትና እኔ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ልብሳችን ይንጠባጠባል። እሳቸው ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ተናገሩ።

"ስሚኒ ጓለይ፣ ልጄ። ሲኒው ሲሰበር እኔ ሰምቻለሁ።"

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ቁልፉ በእጄ ነበር፤ በሩ ኋላ ቆሜ ነበር። ኣልከፈትኩም። በዛ ጊዜ፣ በደርግ ጊዜ፣ የጎረቤት ቤት ነገር ሲሰበር ከሰማሽ መክፈት ኣይሆንም። የከፈተ ሰው ኣብሮ ይወሰዳል። እንዲህ ነው የኖርነው። አሁን ማንም የለም፣ ልጆቻችን ናቸው የመጡት፣ ኣውቃለሁ። እግሬ ግን ኣያውቅም።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ባትጮሂ ኖሮ ኣልከፍትም ነበር።"

ሲኒው ሲወድቅ ከሰሙ ሙዚቃውንም እስከ መጨረሻው ሰምተዋል። ከሲኒው እስከ ጩኸቴ ስንት እንደቆየ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። እኔም ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ አደይ፣ እኔም ተቀምጬ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እሳቸው ግን ጠበቅ አድርገው እጄን ያዙና "ኣጆኺ" አሉኝ፣ አይዞሽ። እኔም ዝም አልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው ከአባቴና ከእኔ ጋር የመኖሪያ ወረቀት ወደሚሰጥበት ጽሕፈት ቤት ሄዱ። "የዚች ልጅ ቤተሰብ ጥሩ ሰዎች ናቸው" ብለው መሰከሩ። "ሲኞራ ስትወድቅ ወዲያው ሮጣ ጮኸች።" ወዲያው የሚለውን ሲሉ በሩ አጠገብ ወደቆምኩት ወደ እኔ አላዩም። ወረቀቷ በዚያው ወር ወጣች። አባቴ ሻሂ ቤቱን ከፍቶ ለመደበር ሰው ሁሉ በነጻ ሲያጠጣ ዋለ። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ አለቀስኩ፤ ሁሉም የደስታ መሰላቸው።

ሲኞራ ሁለት ዓመት ኖረች። ንግግሯ ግማሹ ተመለሰላት፤ ቀኝ እጇ ግን መርፌ ሳይዝ ቀረ። እሷ በግራ እጇ እያመለከተች እኔ እሰፋ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ጠቁማ "ሱቢቶ!" ትላለች፤ ወዲያው፣ ወዲያው ሮጠች። ዓይኗ ያን ጊዜ ክፍት እንደነበረ አውቃለሁ። ረስታው ይሁን፣ አይታ ይቅር ብላኝ ይሁን፣ አንድም ቀን ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ያን መልስ ከሁሉም በላይ ፈራሁት። በኋላ ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ እኛም በተራችን አሥመራን ለቀን ወጣን፤ ወረቀቷም ያኔ አልጠቀመችንም።

"ይኸው፣ ሪባኗ ተፈታ!" አለች ሃያት እሑድ ዕለት። ስልኩን ወደ እኔ አስጠጋችው። "ሲኒው የወደቀው እዚህ ጋ ነዋ?"

"እዚህ ጋ ነው።"

"እና በሩን ስትከፍቺ ያጨበጭቡ ነበር አላልሽኝም?" በጣቷ ከሥዕሉ ግርጌ ያለችውን መስመር ገፋ አድርጋ ፈለገችና መልሳ አመጣችው። ፊቷ ላይ ክፋት የለም፤ ልጅቷ ሒሳብ ትወዳለች። "እማ፣ ጭብጨባው እኮ ገና ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል።"

በዚህ ሁሉ ዘመን ለራሴ ስነግረው ጥቂት ነበር፤ ስብርባሪውን ለቅሜ ቀና እስክል ያህል። በዓይኔ ፊት ቁጥሩ በርቶ ሲጠብቀኝ ግን የምለው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

"ተቀምጬ ነበር" አልኳት። "አልሮጥኩም ሃያት። ፈርቼ ተቀምጬ ነበር።"

ልጄ አየችኝ። ከዚያ መስመሯን ወደ ኋላ ገፋችና ስልኩን ሰፌዱ ጠርዝ ላይ አስደግፋ ትከሻዋን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ሪባኑ እንደገና ተፈታ። ሁለታችንም እስኪያጨበጭቡ ድረስ አየነው።