የኩርሙክ ኮምፒዩተር

የአክስቴ ባል ጋሽ አበጋዝ የበደለኝ ምህንድስና ልማር ዩኒቨርሲቲ በደረሰኝ ክረምት ነው። አንቱ ማለቱን ከዚያ ወዲህ ትቻለሁ። አሁን የማነሳው የልጅ ልጁ ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ «እትዬ፣ እኔም ምህንድስና ደረሰኝ፤ ላፕቶፕ ምረጪልኝ» ስላለችኝ ነው። በስልኩ ከኋላዋ የእሱን ሳል ሰማሁ። ጠይቂያት ብሏት ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

ያን ጊዜ ከአሶሳ ወደ መንደራችን የሚወስደው መንገድ ጉልበት የሚውጥ ጭቃ ነበር። አባቴ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው፤ ኮምፒዩተር ሊገዛልኝ አንዱን በሬ ሸጠ። እኔ አስተማሪዬን ጠይቄ ነበር፤ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራበት ፕሮግራም ከባድ ስለሆነ ማሽኑ አዲስና አቅም ያለው መሆን አለበት ብሎኛል። ራሴ አይቼ ልምረጥ አልኩ። ጋሽ አበጋዝ የሱዳን ድንበር ላይ ወዳለችው ኩርሙክ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርና ሳቀብኝ።

«አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ? የሱዳን ዕቃ እያለ የአዲስ አበባ ቅራቅንቦ ልትገዢ ነው?»

በኩርሙክ ገባ የተባለ ሁሉ፣ ቴርሞሱም ብርድ ልብሱም፣ እኛ ዘንድ የታመነ ነበር። ምልክቱ የዓረብኛ ጽሑፍ ነው። ከቤታችን ግን የሚያነበው አልነበረም። አባቴ የበሬውን ብር ለጋሽ አበጋዝ ሰጠው።

ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣው። በየቁልፉ ጥግ ትንሽ የዓረብኛ ፊደል አለ። አባቴ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ነካው።

«ካርቶኑስ?» አልኩ።

«ኬላ ላይ እንዳይያዝብኝ ጣልኩት።»

በማግስቱ ሐዋ መጣች፤ አብራኝ የተማረች የበርታ ልጅ ናት። የወቅቱን የመጨረሻ ማንጎ ይዛ ነበር። እየላጠች ቁልፎቹን አየችና መሳቅ ጀመረች።

«ይሄን የደረደረው ሰውዬ ቁርአን ቤት ገብቷል እንዴ?»

«ምነው?»

«እንግሊዝኛው ዝብርቅርቅ ነው። ዓረብኛው ለምን እንደ ሀሁ በተራ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ብሎ ተሰለፈ? የወንድሜ ሱቅ ያለው እንደዚህ አይደለም።»

አሊፍን በጥፍሬ ፋቅኩት። ተነስቶ መጣ፤ ተለጣፊ ነው። ከሥሩ ያለው ቁልፍ በሰው ጣት ብዛት አልቆ ያብረቀርቃል፤ ያገለገለ ማሽን ነው።

ማታ ጋሽ አበጋዝ ከአባቴ ጋር ገንፎ ሲበላ ጣቴ ላይ የተጣበቀውን አሊፍ አሳየሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ማኘኩን አላቆመም። «ሙቀት ነው። የቆላ ሙቀት የማይልጠው ምን አለ?»

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አባቴ ወደ ጣሪያው ቀና አለ፤ ከዚያ ወደ እኔ። የገባው መሰለኝ።

«የእህቴ ባል ነው። ተይው» አለኝ።

ይህን ለአባቴም አልረሳሁለትም። ዘመድ እንዳይቀየም ተብሎ የሚዋጥ ነገር ሁልጊዜ ለምን ለሴት ልጅ እንደሚደርስ አሁንም አይገባኝም።

ዩኒቨርሲቲ ያ ማሽን አንድ ንድፍ እስኪከፍት ጓደኞቼ ምሳ በልተው ይመለሱ ነበር። የዓመቱን ማጠቃለያ ሥራ ላስረክብ ስል ጭራሽ ሞተ። ዓመቱን ደገምኩ። ጋሽ አበጋዝ አባቴን፣ «ሴት ልጅና ምህንድስና፣ ምን ታደርገዋለህ» ብሎ አጽናናው።

ልጅቷን፣ «ቅዳሜ አያትሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት። አሶሳ ሱቅ ገብተን ካርቶኑን ፊቴ አስከፈትኩ። ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጥፍሬ ፋቅኩ።

«እናቴ፣ አዲስ እኮ ነው» አለ ባለሱቁ።

«አውቃለሁ» አልኩት፤ ፋቅኩ።

ጋሽ አበጋዝ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነበር። ለልጅቷ ጥሩውን መረጥኩላት። እሱን ሳልሰናበት ወጣሁ።