ሽቦዋ የፓምፑን ኤሌክትሪክ ልቤ መሰላት

መጀመሪያ የመጣብኝ ማዞር ነው። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት በሰባ ዓመቴም ሳላርፍ የምወጣ ሰው ነኝ። አንድ ቀን መሃሉ ላይ ዓይኔ ጨለመ። ቁርስ ስላልበላሁ ነው አልኩ። ከወር በኋላ ቸርች ቆሜ እየዘመርኩ ወደቅሁ። ሆስፒታል ወስደው የልብ ምት የሚመዘግበውን ኢሲጂ አነሱኝ። የልቤ ምት በደቂቃ ሠላሳ አራት። ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሳው ኤሌክትሪክ ወደ ታችኛው አይደርስም አሉኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ከግራ ትከሻዬ በታች የልብን ምት የሚጠብቅ መሣሪያ፣ ፔስሜከር፣ ተቀበረልኝ።

ትምህርት ቤት ሳልገባ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ መጠቅለል የተማርኩ ነኝና አሠራሩ ወዲያው ገባኝ። ከመሣሪያው ወደ ልብ የምትወርደው ቀጭን ሽቦ ጫፍ የልብን ግድግዳ ነክቶ ይቀመጣል። ልብ ሲመታ በሚሊቮልት የሚለካ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ሽቦዋ ያንን ታዳምጣለች። ከሰማች መሣሪያው ዝም ይላል። ካልሰማች ልብን ይቀሰቅሳል።

ሦስት ወር አረፍኩ ይባላል። ማረፍ አላውቅበትም። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ የእጄን ትርታ እቆጥራለሁ። ባለቤቴ አስቴር «አንተ ሰውዬ፣ ልብህን አትከታተለው፤ እሱም ያፍራል» ትለኛለች።

ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለማው ጎረቤቴ ማርቆስ፣ የመስኖ ፓምፑ ሞተር ሲነካ ይነዝራል ሲለኝ አላስጨረስኩትም። በዚህ ከተማ እኔ ያልፈታሁት ሞተር የለም። ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተር ይዤ አላውቅም፤ መንዘሩን የምለየው በእጄ ጀርባ ነው። ውሃ በጠጣ መሬት ላይ ቆሜ ነካሁት። ትንሽ ነዘረኝ። የት ጋ እንደሚበረታ ልለይ ብዬ እጄን አላነሳሁም።

ዓይኔ ጨለመ። ወደቅሁ። መውደቄ እጄን ከሞተሩ አላቀቀው። ልቤ ተመለሰ።

በማግስቱ ማርቆስ አዲስ አበባ ድረስ ይዞኝ ሄደ። መሣሪያውን ለቀበረችልኝ ሐኪም ዝም ብዬ ቆሜ ወደቅሁ አልኳት። መሣሪያውን በኮምፒውተር አነበበችው።

«ሽቦው የልብ ምት ያልሆነ ነገር ሰምቷል» አለች። «መሣሪያው ልብዎ እየመታ መስሎት ሥራውን አቁሟል። ሽቦው ተሰብሮ ከሆነ እንደገና ከፍተን እንቀይረዋለን።»

ወጥቼ ኮሪደሩን አሥር ጊዜ ተመላለስኩ። ማርቆስ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ፣

«ጋሼ፣ ወይ እርስዎ ይንገሯት ወይ እኔ ልግባ» አለኝ።

ገብቼ ነገርኳት። የወደቅሁበትን ሰዓት መሣሪያው ከመዘገበው ጋር አስተያየችው፤ አንድ ሆነ። ክንዴን እያስነሳችና እያስወረደች ሽቦዋን ለረጅም ጊዜ መረመረቻት።

«ሽቦው ደህና ነው» አለች። «የተበላሹት እርስዎ ነዎት።»

እንደ እኔ ፔስሜከር የተቀበረላችሁ፣ የሚነዝር ነገር አትንኩ፤ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁም ወደ ብየዳ አትጠጉ። ሐኪሟን፣ አስቴርንና ማርቆስን አመሰግናለሁ። ዛሬ ማርቆስ ሞተር ሲያስጠግን ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ ራቅ ብዬ ቆሜ ለሠራተኛው የሚሠራውን እነግረዋለሁ፤ አሁንም ከእሱ የበለጠ የማውቀው እኔ ነኝ። ስትወድቁ ግን እጃችሁ ምን ላይ እንደነበረ ለሐኪም ሳትደብቁ ተናገሩ። እኔ ለአንዲት ሃፍረት ብዬ ደህና ሽቦ ከልቤ ላስወጣ ነበር።