በወለንጪቲ መንገድ የሰማሁት ድምፅ

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና በሚታፈሱበት ሰሞን ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ሰው ፊት ማውራትም አይሆንልኝም። ለማንም በደንብ ነግሬው ስለማላውቅ ነው የምጽፈው። ከባድ መኪና በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር ይመጣብኛል።

የምንኖረው ናዝሬት ነው። ታላቅ ወንድሜ ዮናስ ሽንኩርት ሊገዛ ወለንጪቲ ገበያ ሄዶ በዚያው ቀረ። በማግስቱ አንድ ነጋዴ ጎረቤታችን፣ «ከገበያ አፍሰውታል። እህል መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ ቅዳሜ ይጫናሉ አሉ» ብሎ ነገረን።

እናቴ እግሯን ስለሚያማት መንገድ አትችልም። በዚያ ላይ ነዳጅ ጠፍቶ መኪና አይገኝም ነበር። የዮናስን ሹራብ አጣጥፋ ይዛ ታየኛለች።

ጓሯችን ውስጥ የሟቹ አባታችን የድሮ የጣሊያን ብስክሌት ነበረ። ጎማ ከገበያ ከጠፋ ወዲህ ዶሮዎች ናቸው የሚያድሩበት። ልጅ ሳለሁ ዮናስ ሰው እንዳያየኝ ሲመሻሽ ሜዳ እየወሰደ በእሱ አስተምሮኛል። ከኋላዬ እየሮጠ፣ «የኋላውን ያዢ! የፊቱን ፍሬን ከያዝሽ ይገለብጥሻል!» እያለ ይጮህብኝ ነበር።

ብስክሌቱን እየጎተትኩ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ወሰድኩት። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ መስጊዱ አጠገብ ዛፍ ሥር ብስክሌት ይጠግናሉ።

«ልጄ፣ ዶሮዎቹ ይህን ያህል ከወደዱት ምናለ ብትተዪላቸው?» አሉኝ።

ስለ ዮናስ ስነግራቸው ግን ቀልዱን ትተው ተነሡ። እሳቸው ሲፈቱ እኔ ዝገቱን በአሸዋና በላምባ ፈገፈግሁ። የኋላውን ጎማ ለጣጥፈው ነፉት። ለፊቱ የሚሆን ስላልተገኘ አሮጌ ጨርቅ ጠቀጠቅንበት። ለፍሬኑ ላስቲክ ደግሞ ከተጣለ በረባሶ ቆርጠው ገጠሙለት።

«ማን ሊነዳው ነው?»

«እኔ።»

ቀና ብለው አዩኝና «አላህ ይርዳሽ» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ከቀሚሴ ሥር የዮናስን ሱሪ ለብሼ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ሹራቡን ብስክሌቱ ላይ አስሬ ወጣሁ። የሰፈር ጎረምሶች «ሹፌር፣ ወራጅ አለ!» ብለው ሳቁብኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ጨርቅ የጠቀጠቅንበት ጎማ እየተንገጫገጨ ክንዴን አደነዘዘው። ቢሆንም ከተማውን ስወጣ፣ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ፣ ወንድሜን እንደማገኘው እርግጠኛ ሆንኩ።

መንገዱን ካጋመስኩ በኋላ ሸራ የለበሱ የወታደር መኪኖች ከፊት ለፊቴ መጡ። ነፋሳቸው ሲገፋኝ ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ጨበጥኩ። ተገልብጬ ጠጠሩ ላይ ወደቅሁ፤ ቀሚሴ ተገለበ።

መኪናው ላይ ያሉት በሳቅና በፉጨት አቀለጡት። አንዱ «ቆንጆ፣ ነይ እኛ እናድርስሽ!» አለ። ሌላው፣ «የኋላውን! የኋላውን ያዢ!» እያለ እስኪርቅ ድረስ ጮኸ። እንደሌሎቹ የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። በሀፍረት ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩና የመኪኖቹ ድምፅ እስኪጠፋ ቀና አላልኩም።

ወለንጪቲ ስደርስ የመጋዘኑ በር ተከፍቷል። ውስጡ ገለባ ብቻ ነው። በሩ አጠገብ ቆሎ የሚሸጡ የኦሮሞ እናት ሹራቡን በእጄ ሲያዩ ገባቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት እኮ ጫኗቸው። ወደ ናዝሬት ነው የሄዱት። መንገድ ላይ አላገኘሻቸውም?»

ያን ጊዜ ነው ድምፁን ያወቅሁት። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ ቆሎ ዘግነው እጄ ላይ አስያዙኝ፤ መብላት ግን አልቻልኩም። ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ተመለስኩ።

ከዮናስ ደብዳቤ አልመጣም። መንግሥት ተለውጦ ወታደሮቹ ሲበተኑ መኪና ተራ እየሄድኩ የስንቱን ፊት አየሁ። አንዳንዱ ክራንች ይዟል፣ አንዳንዱ ይለምናል። ዮናስ ግን የለም። አሁን መሄዱን ትቻለሁ።

ብስክሌቱ ወደ ዶሮዎቹ ተመልሷል። እናቴ ሹራቡን በየጊዜው ታጥባለች፤ ስታሰጣው ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች።

«ያኔ መኪናው ላይ ከስቶ ነበር?»

እሱ አይቶኛል። እኔ አላየሁትም።