ቦታ-ቦታ እና የመጫወቻዎቹ መኝታ

በስሟ የሚጠራት የለም፤ በሕፃናት ማቆያችን ልጆቹም እኛም፣ ዕቃው ሁሉ ቦታ ቦታውን እንዲይዝ ስለምታደርግ፣ ቦታ-ቦታ ነው የምንላት። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ስትጠብቅ አንድም ቀን ተቆጥታ «ዕቃ አንሱ!» ብላ አታውቅም። እኔ የማቆያው ወጥ ሠሪ ነኝ፤ እኔ ብሆን በጩኸት ቤቱን አቀልጠው ነበር። እሷ ግን ወላጆች ሊመጡ ሲሉ ታጨበጭብና «ልጆች፣ መጫወቻዎቹ እንቅልፋቸው መጣ!» ትላለች። በቃ! ያ ሁሉ ቀበጥ መኪናውን፣ ድቡን፣ እጅ የሌላትን አሻንጉሊት እሹሩሩ እያለ ተሸክሞ ትልቁ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ያስተኛል። ሕጉ አንድ ነው፤ የተኛ አይናገርም። ጠዋት ክዳኑን ከፍታ «ኩኩሉ!» ስትል ልጆቹ በመጫወቻዎቹ ፈንታ «አልነጋም!» ይላሉ። «ነጋ» እስክትል ድረስ አንድም ዕቃ አይወጣም።

እውነቱን ልናገርና እቀናባት ነበር። የእኔን ድስት የሚያስተኛልኝ የለማ!

የዚያን ቀን ዶፍ ዝናብ ጣለ። ወላጆች እየሮጡ መጥተው ልጆቻቸውን እያፈሱ ወሰዱ። ቦታ-ቦታ በር ላይ ተንበርክካ ጫማ ታስራለች። እኔ ወለሉን ልወለውል ስገባ የሳጥኑ ክዳን ገርበብ ብሏል። «ዛሬ ደግሞ ማስተኛቱም ለእኔ ተረፈ!» ብዬ ጠርቅሜ ቀረቀርኩት።

ትንሽ ቆይታ የድብልብሌ እናት መጣች። ድብልብሌ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሲመጣ ጉንጩ ይቅደም ሆዱ አይታወቅም። ጃኬቱ መስቀያው ላይ አለ፣ ጫማው አለ፣ ልጁ የለም።

«ሽንት ቤት ይሆናል» አልኩ። የለም። ጠረጴዛ ሥር፣ መጋረጃ ጀርባ፣ ጓሮ የውሃ ታንከሩ ጋ፣ የለም። የውጭው በር ሲከፈት ሲዘጋ ነበር፤ ከበሩ ማዶ መኪና የሚበርበት አስፋልት ነው። እናቱ በዚያ ዝናብ ባዶ ራሷን ወጥታ ተጣራች። ሳጥኑን ማንም ልብ አላለውም። ከውጭ የተቀረቀረ ሳጥን ውስጥ ማን ልጅ ይፈልጋል?

እናቱ ተመልሳ የቦታ-ቦታን ክንድ ጨመደደች።

«ልጄን አምጪ! አምኜሽ ነው የሰጠሁሽ! ልጄን!»

«ድብልብሌ! የት ነህ፣ የኔ ጌታ?» ብላ ተጣራች ቦታ-ቦታ። ዝም። ደግማ ጠራች። ዝም። ድንገት ቀጥ ብላ ቆመችና ዓይኗ ባዶው ወለል ላይ ቀረ።

«የተኛ አይናገርም» አለች ለራሷ። ቀጥላም በዚያው በጠዋቱ ዜማ «ኩኩሉ!» አለች።

ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። «አልነጋም።»

እግዚኦ! መቀርቀሪያውን ልከፍት ስል ቦታ-ቦታ ገፍትራኝ ከፈተችው። ድብልብሌ ድቡን አቅፎ፣ በላብ ተነክሮ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ተጋድሟል። ለካ ድቡ ብቻውን መተኛት ፈርቶበት፣ አብሮት ሊተኛ ገብቶ ኖሯል።

«ማነው የዘጋበት?» አለች እናቱ፣ ቦታ-ቦታ ላይ አፍጥጣ።

መወልወያው እጄ ላይ ነው። ቦታ-ቦታ በር ላይ ስለነበረች ማን እንደገባ አሳምራ ታውቃለች። ግን ዘወር ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ጨዋታው የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» አለች።

የሃያ ሁለት ዓመት እንጀራዋ ዓይኔ እያየ ሊቆረጥ ነው። ዝም ልል ነበር፤ አልዋሽም፣ ዝም ልል ነበር።

እናቱ ልታነሳው ስትጎትተው ድብልብሌ አልነሳም አለ። ዓይኑን ቦታ-ቦታ ላይ ተክሎ በሹክሹክታ ጠየቃት።

«ነጋ?»

«ነጋ፣ የኔ ጌታ። ነጋ።»

ይሄኔ ነው እጁን የዘረጋው። ይሄ ሁሉ ሙቀት፣ ይሄ ሁሉ ጨለማ፣ እሷን አምኖ።

«እኔ ነኝ የቀረቀርኩት» አልኩ።